የእግር ጣት ለእጅ፦ አውራ ጣቱን መሰንጠቂያ ለበላበት ወንድም

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ እንጨት ቤት ይሠራል። ከአምስት ወር በፊት የመሰንጠቂያ ማሽን የቀኝ እጁን አውራ ጣት ቆረጠበት፤ የሌባ ጣቱም ጫፍ አብሮ ሄደ። የተቆረጠውን በረዶ ውስጥ ከተው ሐኪም ቤት ቢያደርሱትም አይቀጠልም ተባለ፤ ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ። እኔ ያለሁት ሪያድ ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። የእግር ጣት ወደ እጅ ይዛወራል የሚል ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ መራመድ አያቅተውም? የእሱን እግር ከሚነኩ የእኔን ጣት ወስደው ቢሰጡትስ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የአንቺን ጣት ልንሰጠው አንችልም። አካል የራሱን ሥጋ ከባዳ ለይቶ ያውቃል፤ በአንድ ማኅፀን ያደራችሁ ብትሆኑም ጣትሽ ለእሱ አካል ባዳ ነው። እንዳይጥለው ከተፈለገ በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መዋጥ ይኖርበታል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ይህን ዕዳ የሚሸከመው ያለ ኩላሊት መኖር ስለማይችል ነው። ለአንድ ጣት ሲባል ጤነኛ ወጣትን ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ማጋለጥ ግን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሊዮን፣ ፈረንሳይ ውስጥ በዘመናዊ መድኃኒት ታግዞ ከሞተ ሰው ሙሉ እጅ የተተከለለት የመጀመሪያው ሰው መድኃኒቱን መውሰድ ትቶ፣ በ2001 እጁ በራሱ ጥያቄ ተቆርጦ ወጥቷል።

በእግሩ ላይ ያለው ጣት ግን የራሱ ሥጋ ነው። አካሉ አይጣላውም፣ የዕድሜ ልክ ክኒንም የለውም። ስለዚህ ጣትሽ ለራስሽ ይቆይ። ከአንቺ የሚፈለግ ሌላ ነገር አለ፤ ኋላ እነግርሻለሁ።

ያየሽው ቪዲዮ እውነት ነው፤ ነገሩም ያረጀ ነው። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ኒኮላዶኒ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ አውራ ጣቱን ላጣ ልጅ የእግሩን ሁለተኛ ጣት አዛውሮለታል። ያኔ ይህን ያህል ቀጭን ደም ሥር መስፋት አይቻልም ነበርና የልጁ እጅ ከእግሩ ጋር ተሰፍቶ ለሳምንታት ታጥፎ ተኛ። ጣቱ ከእጁ ደም ማግኘት ከጀመረ በኋላ ነው ከእግሩ የተለየው። ይህን ሥቃይ ያስቀረው ማይክሮስኮፕ ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ባንኪ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ በሠራው ላቦራቶሪ፣ ሚስቱ እየረዳችው መርፌና ክሩን ራሱ እያበጀ በጥንቸል ጆሮ ተለማመደ፤ በ1966 የጦጣን የእግር አውራ ጣት ወደ እጇ ማዛወሩን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሻንጋይ ላይ ያንግ ዶንግዩዌ ሁለተኛውን የእግር ጣት በሰው እጅ ላይ ተከለ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ጆን ኮቤት ኢስት ግሪንስቴድ ውስጥ የእግር አውራ ጣትን በእጅ አውራ ጣት ቦታ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በተለይ ታይዋን ውስጥ የፉ ቻን ዌይ ቡድን ሥራውን እንደ ዕለት እንጀራ አድርጎታል። በማሽን ጣታቸውን ያጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ብዙ ስለነበሩ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ። የአካል ጉዳት የሚገምቱ ሐኪሞች ከእጅ ሥራ 40 ከመቶውን ለአውራ ጣት ብቻ ይሰጣሉ። ቁጥሩን እርሺውና በቪዲዮ ስትደውዪለት ምሳ ሲበላ ተመልከቺው። ወይ በግራው መጉረስ ለምዷል፣ ወይ እንጀራውን በሌባና በመሐል ጣቱ መካከል እንደ መቀስ እየቆነጠረ ይቆርሳል። አራት ጤነኛ ጣቶች ያለ አውራ ጣት መንጠቆ ናቸው፤ ባልዲ ያነሣሉ፣ ቁልፍ አያዞሩም። እንጨት ሠሪ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሚስማሩን የሚያቆመው፣ መሮውን የሚያቀናው፣ መላጊያውን የሚጨብጠው አውራ ጣት ነው። ለአውራ ጣት ሲሆን ከእግር መውሰድ የሚያስቆጭ ነገር አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ለሌላ ጣት ግን እንዲህ አልልም።

እግረ መንገዴን ስለ በረዶው ልናገር፤ ይህን የሚያነብ ሌላ እንጨት ሠሪም ይጠቅመዋል። የተቆረጠ ጣት በረዶ ውስጥ በቀጥታ አይከተትም። በረዶው ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ በረዶ ሆኖ የደረቀ ደም ሥር ደግሞ ቢሰፋም ደም አያሳልፍም። በንጹሕ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሰራል፣ ላስቲኩ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጣት ጡንቻ ስለሌለው ታጋሽ ነው፤ እንዲህ ቀዝቅዞ ከቆየ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊቀጠል ይችላል። ይህን ያልኩት ያደረሱትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። መሰንጠቂያ ማሽን ሥጋውን ስለሚበላው በደንብ ቢያዝም አይቀጠልም ይባል ይሆን ነበር።

አምስት ወር ማለፉ አያሳስብሽ። ይህ ቀዶ ሕክምና ከዓመታት በኋላም ይሠራል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ከተቆረጠው በታች ምን ቀርቶለታል? አንቺ «አውራ ጣቱን ቆረጠበት» ብለሽ አልፈሽዋል፤ ለእኔ ግን የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሥራውን በሙሉ ይለውጠዋል።

እጁን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ የቀረውን የአውራ ጣት ሥር ወደ ትንሿ ጣት ሊያስጠጋ ይሞክር። መዳፉ ላይ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ወፍራም ሥጋ ከተኮማተረና ሥሩ ከዞረ ጥሩ ዜና ነው። የታችኛው መገጣጠሚያና የሚያዞሩት ጡንቻዎች አሉ ማለት ነው። እነሱ ካሉ የሚተከለው ጣት የተዘጋጀ ምሰሶ ላይ እንደሚቆም ጣሪያ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ራጁም የእጅ አንጓ አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ መጥፋቱን ካሳየ፣ የእግር ጣት ብቻውን አያዋጣም፤ ተተክሎም ዝም ብሎ የሚቆም እንጨት ይሆናል። እዚያ ላይ የምንመርጠው የራሱን ሌባ ጣት ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ነቅለን፣ አዙረን በአውራ ጣቱ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ያለ አውራ ጣት ለተወለዱ ሕፃናት የሚሠራውም ይኸው ነው። ሌባ ጣቱ ጫፉ መቆረጡ ለዚህ አይከለክለውም፤ እንዲያውም የተጎዳ ጣት መስጠት ከጤነኛው ይቀላል።

ከጣቱ ግማሽ ያህል ቀርቶለት ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አጥንቱን ቆርጦ በብረት መወጠሪያ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ማርዘም ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል፣ ጥፍርም አይኖረውም፣ ግን ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም። የሰው ሠራሽ ሲሊኮን ጣትም አለ። ለፎቶና ለሰርግ ያምራል፤ እንጨት ቤት ውስጥ ግን ሳምንት አይቆይም።

እንግዲህ ከእግሩ የትኛው ጣት? እዚህ ላይ ሐኪሞች እርስ በርሳችን እንከራከራለን። የእግር አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ሁለት አጥንት ብቻ አለው፣ ሰፊ ነው፣ ኃይል አለው፣ ሲቆነጥጥ አይታጠፍም። ጉድለቱ መወፈሩ ነው። ይህን ለመፍታት አውስትራሊያ ውስጥ ሞሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ቆዳውንና ጥፍሩን ብቻ ገፈው፣ ከሌላ ቦታ በተወሰደ አጥንት ላይ የሚጠቀልሉበትን ዘዴ አወጡ። ታይዋኖቹ ደግሞ ጣቱን ከነአጥንቱ ወስደው ጎኑን እየጠረቡ የሌላኛውን እጅ አውራ ጣት ያህል ያደርጉታል። ወንድምሽ መላጊያ ይዞ ነገሩን ቢያስበው ይገባዋል። ሁለተኛው የእግር ጣት ቀጭን ነው፤ ወደ ውስጥ የመጎንበስ ጠባይ አለው፣ ጥፍሩም ትንሽ ናት፤ እጅ ላይ ሲቀመጥ የእግር ጣት መሆኑ ያስታውቃል። ጥቅሙ ግን እግሩ ላይ ነው፤ ክፍተቱ ተስቦ ሲሰፋ እግሩ ትንሽ ይጠባል እንጂ ሰው ልብ አይለውም። ደግሞም የታችኛው፣ የእጅ አንጓ አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ተርፎ፣ አውራ ጣቱ ከመዳፉ የሚገናኝበት ቀጣዩ መገጣጠሚያ ጠፍቶ ከሆነ ሁለተኛው ጣት ከነራሱ መገጣጠሚያ ሊወሰድ ይችላል፤ ከእግር አውራ ጣት ግን ያንን መገጣጠሚያ መውሰድ የለብንም።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጫማ አድርጎ ቆሞ ለሚሠራ እንጨት ሠሪ የተጠረበውን የእግር አውራ ጣት እመርጣለሁ። በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ዳገት የሚወጣ፣ በሬ ጠምዶ ዕርፍ የሚጨብጥ ገበሬ ቢሆን ኖሮ ወደ ሁለተኛው ጣት አደላ ነበር። ሯጭ ቢሆን ጭራሽ የእግር አውራ ጣቱን አልነካም። ይህ የእኔ ሚዛን ነው። የሚሠራለት ሐኪም እጁን የለመደበት ዘዴ ካለ ደግሞ እኔ ከምለው ይልቅ የእሱ ይበልጣል።

መራመዱን በተመለከተ፣ ሁለተኛው ጣት ሲወሰድ የሚቀረው ችግር ጥቂት ነው። አውራ ጣቱ ሲወሰድ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ሲራመድ ከኋላ ገፍቶ የሚያነሣው ያ ጣት ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን አጥንት ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እናስቀርለታለን፤ የእግሩ ጫማ ሥር ያሉት ጅማቶች እዚያ ላይ ይይዛሉ። ያ ከቀረለት ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ከባድ ነገር ይሸከማል። ሲሮጥና ሲዘል ልዩነቱን ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስበው ቁስሉን ነው። የእግር ቁስል ከእጅ ቁስል ይዘገያል፣ አንዳንዴ የቆዳ ንቅለ ተከላ ይፈልጋል፣ ጠባሳው ጫማ ሲነካው ያማል። በሽተኞቼ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከእጃቸው ይልቅ በእግራቸው ያማርራሉ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ አላወራም፤ ተኝቶ ስለሚያልፍለት። ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዱ እጁ ላይ ሌላው እግሩ ላይ፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። እግሩ ላይ ከባዱ ሥራ ደም ወሳጁን መከተል ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ጣት መካከል የሚሄደው ቧንቧ በአንዱ ሰው ከላይ ይገኛል፣ በሌላው ጠልቆ በሥር በኩል ይዞራል፤ ካልከፈትነው በርግጠኝነት አናውቅም። ጣቱ እጁ ላይ ሲደርስ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል፣ ጅማቱ ይሰፋል፣ ነርቩ ይሰፋል። ደም ወሳጁ ደግሞ ሐኪሞች «የሱረት ጉድጓድ» ከምንላት፣ አውራ ጣት ሲገተር በሥሩ ከምትታየው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ካለው የእጅ ደም ሥር ጋር ይገናኛል። የምንሰፋው ቧንቧ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ክሩ ከጠጉር ይቀጥናል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ ሰም መስሎ የነበረው ጣት ቀስ ብሎ ደም ይለብሳል። ሃያ ጊዜ ያየ ሐኪምም ሃያ አንደኛውን ቆሞ ያየዋል።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሌሊቶች ናቸው።

ጣቱ ከሞተ በአብዛኛው በእነዚያ ሌሊቶች ነው የሚሞተው። ትንሽ የደም ጓል ቧንቧውን ይዘጋዋል። በየሰዓቱ ሙቀቱን፣ ቀለሙን፣ ተጭነው ሲለቁት ደሙ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ቀለሙ ቆዳው ላይ ቶሎ አይታይም፤ ጥፍሩ ሥር ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ ነርስ «ደህና ነው» እያለ ይጽፋል። ሥልጠና ላይ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ተረኛዋ ነርስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንድ ልጅ ጣት መጥቆሩን አየች። መዝገቡ ላይ ጻፈችው። ተረኛውን ሐኪም ግን አልቀሰቀሰችም፤ በዚያው ሳምንት ለትንሽ ነገር ቀሰቀሳችሁኝ ብሎ ተቆጥቷት ነበርና ንጋትን ጠበቀች። ጠዋት ስንከፍተው ጊዜው አልፎ ነበር። ያ ተረኛ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ልጁ ከእጁም ከእግሩም አጣ።

በለመዱ እጆች ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት ጣቶች ይድናሉ። የቀሩት ግን ያው እንደነገርኩሽ ልጅ ናቸው፤ ወንድምሽ ይህን ሰምቶ «እሺ» ማለት አለበት። ደም መግባቱን ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣ ጣቱ ሲጠቁርና ሲያብጥ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል በሰዓታት ውስጥ መመለስ ነው መፍትሔው። የማይቻል ሲሆን አልቅት እንጠቀማለን። አልቅት ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ከብት አፍ ውስጥ የምትገባዋን አስቦ። እነዚህ ግን በንጹሕ ውኃ ለሕክምና የሚረቡ ናቸው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 እንደ ሕክምና መሣሪያ ፈቅዷቸዋል። ምራቃቸው ደሙን አያረጋውም፤ አዲስ መላሽ ደም ሥር እስኪበቅል ድረስ የታቆረውን ይመጡታል።

አሁን ከአንቺ ወደሚፈለገው ልምጣ። ወንድምሽ ያጨሳል? ያጨስ እንደሆነ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ያቁም። ኒኮቲን ቀጫጭን ደም ሥሮችን ያኮማትራል፤ ሺሻም ያው ነው። ጫትም እንደዚሁ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ደም ሥር የሚያጠብ ነው። ለእናቱም ላይናገር ይችላል፤ ለአንቺ ግን ይነግርሽ ይሆናል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ቡናም እንከለክላለን። ለቡና ያለው ማስረጃ እንደ ትምባሆው ጠንካራ አይደለም፤ እኔም ቡና ጠጥቶ ጣቱ የሞተበት ሰው አላየሁም። ነገር ግን አሥር ሰዓት ቆሞ የሰፋ ሐኪም በአንድ ስኒ መወራረድ አይፈልግም። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ቡና የሚያፈላ አይጠፋም፤ ክፍሉ መሞቁ ደግ ነው፣ ስኒው ግን ለጠያቂው ይሁን። ሌላው ልክ እንደ ደም ሥሩ አስፈላጊው ስድስት ወር ሙሉ ፊዚዮቴራፒ መመላለስ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ልከሽ ለታክሲውና ለፊዚዮቴራፒው ካልላክሽ ግማሽ ሥራ ነው የሠራሽው።

ጣቱ ይሰማዋል ወይ? ይሰማዋል፤ ግን ቀስ እያለ። የተሰፋ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከተሰፋበት እስከ ጣቱ ጫፍ በሳንቲ ሜትር ለክተሽ በአሥር አባዢው፤ ያን ያህል ቀን ነው፣ ለመጀመሪያው ስሜት ብቻ። መጀመሪያ መወረር፣ ከዚያ ትኩስና ሹል ነገር ማወቅ ይመጣል፤ መሻሻሉ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። የተሰፋው ከአውራ ጣቱ ነርቭ ጋር ስለሆነ አእምሮው እየቆየ «አውራ ጣቴ ነው» ይለዋል። ማስተማር ግን ያስፈልጋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ብርጭቆ ወረቀት እየዳሰሰ መለየት። እንጨት ሠሪ ለዚህ ጥሩ ተማሪ ነው፤ የተላገን ከአልተላገው በጣቱ መለየት የለመደ ነውና። እንደ ቀድሞው ጣት ሙሉ በሙሉ አይሆንም፤ በብርድ ጊዜም ያመዋል።

ይህ ስሜት ነው የእግርን ጣት ከሌላው ሁሉ የሚያስበልጠው። ከብሽሽት በተወሰደ ቆዳና አጥንት አውራ ጣት የሚመስል ነገር መሥራት ይቻላል፤ እጁ ብሽሽቱ ላይ ተሰፍቶ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። ስሜት ስለሌለው ግን ሰውየው ካላየው አይጠቀምበትም፤ ምድጃ ላይም ይቃጠልበታል። በሥጋ ደዌ ጣታቸው ያጠረባቸው ሰዎች ስለ እግር ጣት ሲጠይቁኝም የምመልሰው ይኸንኑ ነው። የእነሱ ችግር ነርቩ ራሱ መጎዳቱ ነው፤ የእግራቸውም ነርቭ አብሮ ተጎድቶ ይሆናል። ለእነሱ የሚሻለው ጅማት ማዛወርና እጅን ከቁስል መጠበቅ ነው፤ አዲስ አበባ ባለው አለርት ሆስፒታል ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየ ጥበብ።

የሌባ ጣቱ ጫፍ ይቅር። አንድ አንጓ ለመመለስ ሌላ ጣት ከእግሩ አልወስድም። ክራር ወይም በገና ደርዳሪ ቢሆን ተቀምጠን እንነጋገር ነበር።

የት ይሠራ? አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታልና አለርት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ከእነሱ መጀመር ነው። ውጭ ከሆነ ኢትዮጵያውያን ለሕክምና በሚመላለሱባት ሕንድ፣ ኮይምባቶር ከተማ ያለው ጋንጋ ሆስፒታል በእጅ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። የሆስፒታሉ ስም ግን አይብቃሽ። የሚሠራውን ሐኪም ፊት ለፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ዘንድሮ በማይክሮስኮፕ ደም ሥር የሰፋኸው ስንት ጊዜ ነው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቱን የሚያየው ማን ነው? ቢጠቁር የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በዚያው ሌሊት የሚከፍተው ማን ነው? ለአንድ ሳምንት ከውጭ መጥቶ የሚሄድ ቡድን ከሆነ ደግሞ፣ ከሄዱ በኋላ ለጅማቱ ማላቀቂያ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ማን ይሠራዋል? ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ገንዘቡን ሁሉ አንቺ ብቻ እንዳትሸከሚው፣ አደጋው ሥራ ላይ ስለደረሰ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕክምና ወጪን በአሠሪው ላይ ይጥላል። የሥራ ውሉንና የመጀመሪያውን የሐኪም ወረቀት አይጣሉ።

ለሐኪሙ ይዞ የሚሄደው፦ የሁለቱም እጆች ራጅ፣ ከፊትና ከጎን የተነሣ። የደኅነኛው እጅ የሚያስፈልገው አዲሱ ጣት የሚለካው በእሱ ስለሆነ ነው። የሁለቱም እግሮች ራጅም እንዲሁ። በልጅነቱ እግሩን ተሰብሮ ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ ከሆነ ይናገር። እስከዚያው በአውራ ጣቱ ሥርና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ቆዳ እንዳይጠብ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብቶ በግራ እጁ እየከፈተ ይወጥረው፤ እዚያ ክፍተት ከሌለ የተተከለው ጣት የሚቆምበት ቦታ ያጣል።